በቅይጥ ምርጫ ከእድር ኮሚቴ የወደቅኩበት እሁድ

ባለፈው እሁድ ከቸርች መልስ፣ የእድራችን ስብሰባ ላይ፣ ራሴን በራሴ ከሥልጣን አወረድኩ። ሥልጣን ስል የእድር ጸሐፊነት ነው... አትሳቁ፣ ስድስት ዓመት ይዤው ነበር።

ለማታውቁኝ፣ እዚሁ ሶዶ የዜግነት ትምህርት መምህር ነኝ። እድራችን አራት መንደር አለው። ከየመንደሩ አንድ ሰው እጅ በማውጣት ይመረጣል፣ አራቱ ኮሚቴ ይሆናሉ። አራታችንም ወንዶች ነበርን። ሁልጊዜም እንደዚያው ነው።

ለቅሶ ቤት የሚያበስሉትን ሴቶች የሚመሩት ወ/ሮ አስቴር ናቸው። እሳቸውና ጓደኞቻቸው በየመንደሩ ይወዳደራሉ፣ በየመንደሩ ሁለተኛ ይወጣሉ፣ ከዚያ ወደ ጓዳ። የእድሩ ግማሽ ሊሆን ትንሽ የቀረው ሰው እጁን ያወጣላቸዋል፣ ኮሚቴው ውስጥ ግን አንድም ወንበር የላቸውም።

የሚፈልጉት ደግሞ የእድሩ ዕቃ የሚቀመጥበትን መጋዘን ቁልፍ ነው። እኛ ወንዶቹ ድስቱን ለሰርግ እናውሳለን፣ ሰው ሲሞት ሴቶቹ ድስት ፍለጋ ቤት ለቤት ይሮጣሉ። አምና ጎረቤት ሞቶ ትልቁ ድስት ቢፈለግ ቢፈለግ... ለካ ሰርግ ቤት ነው፣ ሥጋ ሲቀቀልበት ተገኘ። ወ/ሮ አስቴር ያን ቀን ንፍሮውን በትንንሽ ድስት ከፋፍለው ቀቅለው፣ ጭሱ ውስጥ ቆመው አለቀሱ። ለሟቹ ብቻ እንዳልሆነ ሁላችንም ገብቶናል። እኔም አፍሬያለሁ፣ ቁልፉ እኮ እኔ ኪስ ውስጥ ነበር።

እንግዲህ ሰሞኑን ክፍል ውስጥ የማስተምረው ፓርላማ በቅይጥ ሥርዓት እንዴት እንደሚመረጥ ነው። ትምህርቱ አፌ ላይ ስለነበር፣ እሁድ የኮሚቴ ምርጫ ሲነሳ ዝም ማለት አቃተኝ።

«በአንዳንድ አገር» አልኩ፣ «መራጩ ሁለት ወረቀት ይሰጠዋል። በአንደኛው የአካባቢውን ተወካይ ይመርጣል፣ ብዙ ድምፅ ያገኘው ይገባል። ይሄ የእኛው ዓይነት ነው። በሁለተኛው ግን የሚመርጠው ፓርቲ ነው። ፓርቲው ከመላው አገር ባገኘው ድምፅ ልክ ወንበር ይደርሰዋል። ወንበሩ ላይ የሚቀመጡት ደግሞ ቀድሞ ባስመዘገበው የስም ዝርዝር ተራ ነው።»

ሊቀመንበራችን ጋሽ ዳና ጢማቸውን እያሻሹ አሰቡ።

«ቆይ መምህር... በአንዱ ወረቀት ጎረቤቴን መርጬ፣ በሌላው የፈለግኩትን መምረጥ እችላለሁ? ጎረቤቴም ሳይቀየመኝ?»

«አዎ ጋሼ።»

«ታዲያ ይሄንን እያወቅክ እስከዛሬ ዝም ያልከው ለምንድን ነው?»

ብዙ ገጽ አንብቤበታለሁ፣ እንደዚህ አጥርቶ የገለጸው ግን አላጋጠመኝም። ቤቱ ተስማማ። ኮሚቴው ስምንት ይሁን ተባለ፤ አራቱ እንደ ድሮው በመንደር፣ አራቱ በዝርዝር። ሁለት ቡድን ተቋቋመ፣ የነባሮቹና የሴቶቹ። ደብተር ተቀዶ ወረቀት ታደለ፣ ማስረዳቱም የእኔ ሥራ ሆነ። ልቤ እንዴት እንዳበጠ ብታዩ!

አሁን ስህተቱ ጋ ደረስን።

የእኛ የነባሮቹ ዝርዝር ሲጻፍ አንደኛ የሚሆን ጠፋ። «እርስዎ ይቅደሙ።» «ኧረ በፍጹም፣ እርስዎ እያሉ!» በር ላይ ቆሞ እንደሚገባበዝ ሰው አንዱ ሌላውን ሲያስቀድም ቆየን። በመጨረሻ ቢጠና ከተማ ልጃቸው ዘንድ የሄዱ፣ ስብሰባው ላይ እንኳን ያልነበሩ ሽማግሌ አንደኛ ተባሉ። እምቢ የሚል አፍ አልነበራቸውማ።

እኔስ? ተራ እንደሚወስን ያስተማርኩት እኔው ራሴ ነኝ። ግን ታላላቆቼ ፊት ስሜን እንዴት ከላይ ልጻፍ? «እኔን መጨረሻ አድርጉኝ» አልኩ። የመንደሬን ወንበርም በዝርዝር እገባለሁ ብዬ ለጎረቤቴ ለአቶ ታደለ ለቀቅኩ። ሰው ሁሉ «የተማረ ሰው እንዲህ ነው!» ብሎ አመሰገነኝ፣ እኔም ደስ አለኝ።

ወ/ሮ አስቴር ግን ወረቀቱን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው፣ ማንንም ሳይለምኑ፣ አንደኛ ላይ «አስቴር» ብለው ጻፉ።

ወረቀቱ ተቆጠረ። በመንደሩ ምርጫ እንደ ድሮው አራት ወንድ አለፈ። በሁለተኛው ወረቀት ግን ከአራቱ ወንበር ሦስቱ ለሴቶቹ ሆነ። ለእኛ አንዷ ብቻ ደረሰችን... እሷም ለቢጠናው ሽማግሌ። ስሜ የነበረበት መስመር ድረስ የደረሰ ወንበር አልነበረም።

ዞር ብዬ ባለቤቴን ምሕረትን አየኋት። እያጨበጨበች ነው።

«አንቺም?» አልኳት።

«በመጀመሪያው ለአቶ ታደለ ሰጠሁ፣ ጎረቤት ነው። በሁለተኛው ለአስቴር። ሁለት ነው ያልከው አንተ አይደለህ እንዴ?»

ትምህርቱ በደንብ ገብቷታል። አዲሱ ኮሚቴ ቁልፉ አብሳዮቹ ጋ ይሁን ስላለ፣ ከኪሴ አውጥቼ ለወ/ሮ አስቴር ሰጠኋቸው። ትንሽ ቅር ብሎኝ ነበር፣ አልዋሽም። እሳቸው ግን ቁልፉን በሁለት እጃቸው ተቀብለው «ተባረክ» ሲሉኝ ቅሬታዬ እዚያው ቀረ።

ረቡዕ መንደራችን ለቅሶ ነበር። ድንኳኑ ገና ሳይተከል ትልቁ ድስት እሳት ላይ ተጥዷል። ኮሚቴ ስላልሆንኩ ወንበር ስሸከም ዋልኩ፣ ወገቤን ቢያመኝም ከልቤ ደስ ብሎኛል። ጋሽ ዳና ንፍሮ እየዘገኑ አጠገቤ መጡና «መምህር፣ ለምን ነው መጨረሻ የተጻፍከው?» አሉኝ።

«ለትሕትና ብዬ ነው ጋሼ።»

«ትሕትና መንግሥተ ሰማያት ያስገባል ልጄ፣ ፓርላማ ግን አያስገባም።»