ከወጥ ቤት የተቀዳ ናሙና

አጎቴ ሠላሳ ዓመት ልብስ ሲሰፋ ኖሮ በስተርጅና ዓሣ አርቢ ሆነ። ሦስት ኩሬ አለው። ከእህቱ ልጆች ይልቅ ዓሣዎቹን ያቆላምጣል ብል ሐሜት አይሆንብኝም፤ እኔው ራሴ የእህቱ ልጅ ነኝ። መኖ ከመበተኑ በፊት ኩሬው ዳር ቆም ብሎ ጉሮሮውን ይጠርጋል። ዓሣዎቹም ለምደውታል፤ ገና "እህ፣ እህ" ሲል ግር ብለው ብቅ ይላሉ።

ጉሮሮውን የሚጠርግበት ሌላም ጊዜ አለ፤ ሊዋሽ ሲል። ይህን የምናውቀው ሚስቱና እኔ ብቻ ነን።

ዘንድሮ ፈቃዱን የሚያድስበት ጊዜ ደረሰ። ደንቡ፣ ከኩሬዎቹ ወደ ወንዙ ከሚወጣው ውሃ አንድ ሊትር ተቀድቶ ለአካባቢ ጥበቃ ቢሮ ይቅረብ ይላል። ውሃው ቆሻሻ ከሆነ ፈቃድ የለም፤ ፈቃድ ከሌለ ኩሬዎቹ ይደፈናሉ። አጎቴ ለዚሁ ብሎ ሁለት ዓመት ሙሉ በአካፋ ሲዝቅ ከርሞ፣ ሸምበቆ የተተከለበት ማጣሪያ ኩሬ ሠርቷል። ቀኑ ሲደርስ ግን ወኔ ከዳው። ጠርሙሱን ሦስት ጊዜ አጥቦ፣ ወጥ ቤት ገብቶ ከቧንቧ ሞላና ወሰደላቸው።

በሳምንቱ የቢሮው ተቆጣጣሪ መጣች። በዕድሜ ልጁ የምትሆን፣ ቦት ጫማ ያደረገች፣ ረጋ ያለች ሴት ናት። ኩሬው ዳር ቆምን።

"ጋሼ፣ ናሙናዎ ውስጥ ክሎሪን አገኘን" አለችው። "እንዲህ ባለ ውሃ ዓሣ አይኖርም። ለመሆኑ ዓሣዎቹ ደህና ናቸው?"

አጎቴ እኔን አየኝ፣ ሚስቱን አየ። ደህና ናቸው ቢል ውሃውን ከየት አመጣኸው ሊባል ነው። ስለዚህ የሦስት ኩሬ ዓሣ ባንዴ ለመፍጀት ቆረጠ።

"እህ፣ እህ" አለ። "ምን ደህንነት አለ ልጄ፣ አልቀዋል እኮ።"

ኩሬው ተናወጠ። ሟቾቹ አፋቸውን ከፍተው እግሩ ሥር ተኮለኮሉ።



"በል መኖአቸውን ስጣቸው" አለች ሚስቱ። "ገድለህ ስታበቃ ደግሞ ማስራብ ምንድን ነው?"

ተቆጣጣሪዋ ሳቋን አፍና ከቦርሳዋ ባዶ ጠርሙስ አወጣች። "አሁን ደግሞ እኔ ልቅዳ" ብላ ውሃው ወደ ወንዙ ወደሚወጣበት ቱቦ ወረደች።

ውጤቱ እስኪመጣ አጎቴ ምግብ አልበላ፣ እንቅልፍ አልተኛ አለ። ወረቀቱ ሲደርስ እኔ አነበብኩለት። ለውሸቱ ማስጠንቀቂያ ተጽፎበታል። ውሃው ግን አልፏል፤ ያውም በጣም የጠራ ነው ይላል። ፈቃዱ ታድሷል። ግርጌው ላይ በእጅ የተጨመረ መስመር አለ፤ "ከእንግዲህ ናሙናውን የሚቀዱት ባለቤትዎ ናቸው።"

እኔና ሚስቱ ሳቅን። እሱ አልሳቀም። ሄዶ ሸምበቆው አጠገብ ቁጭ አለ፤ አሳዘነኝ፣ ተከተልኩት።

"በዚህ እጄ ቆፍሬው" አለኝ፣ "ሰውን ሁሉ ውሃዬ ንጹሕ ነው፣ እመኑኝ ስል ከርሜ፣ ያላመንኩት እኔ ነኝ።"

ይህን ሲል ጉሮሮውን አልጠረገም።