ሳይጨርስ የተመለሰው ቴይን

ቴይን ሶረንሰን ተርኪ የሚባለውን ትልቁን ዶሮ የሚያረባ የገበሬ ልጅ ነበር። ባደገበት የዩታ ሸለቆ ወንድ ልጅ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሲሞላው ለሁለት ዓመት ወንጌል ሊሰብክ ባሕር ማዶ ይሄዳል። ጨርሶ ሲመለስ እናቶች ኬክ ይጋግሩለታል፤ ሴት ልጅ ያላቸው አባቶች እራት ይጠሩታል። ሳይጨርስ የተመለሰውን ግን ምን ሆንክ ብሎ የሚጠይቀው የለም፤ ሁሉም በየቤቱ ገምቶ ጨርሷል። ወይ ሴት ነክቷል፣ ወይ ክዷል። እነ ቴይን እንዲህ ሆኖ የተመለሰ አንድ ጎረቤት ነበራቸው፤ ሱቅ ሲገባ ወሬ ቀጥ ይላል። ይህን የእምነት ጥብቅነት ነው የሚሉ አሉ። ሐሜት ነው፤ የእሑድ ልብስ የለበሰ ሐሜት።

ቴይን የደረሰው ታይዋን ነው፤ ደቡብ፣ ታይናን። ከእትዬ ሊያዎ የሩዝ ገንፎ ቤት በላይ ባለች ክፍል ከባልደረባው ከሩሎን ጋር ይኖር ነበር። ሰባኪዎቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ነው የሚሠሩት፤ አንዱ ከሌላው ዓይን አይርቅም። አንዱ ታመመ ማለት ሁለተኛውም ቤት ዋለ ማለት ነው። ስለዚህ ቴይን ማቅለሽለሽ ሲጀምረው ዋጥ አድርጎ ዝም አለ። ዳገት በሌለበት ከተማ ብስክሌቱን እየገፋ መሄድ ሲጀምር ግን ሩሎን አየው።

«ጎማህ ተነፈሰ?»

«ጎማው ደህና ነው።»

«እንግዲያው የተነፈስከው አንተ ነህ።»

ሽንቱ እንደ ሻይ ጠቆረ፤ ዓይኑ ቢጫ ሆነ። የወፍ በሽታ ነበር። ሐኪም ካየኝ የሰባኪዎቹ ኃላፊ ይሰማል፣ ከሰማ አገሬ ይመልሰኛል ብሎ ፈራ። ታዲያ ሁለቱ ጎረምሶች ምን አደረጉ? ጾሙ። በነሱ ዘንድ የተቸገረ ሰው እህልም ውሃም ሳይቀምስ አድሮ ውሎ ይጸልያል። ጉበቱ የታመመን ልጅ ውሃ ከለከሉት፤ ሩሎንም አብሮ ተራበለት። ፍቅር ነው፣ አይካድም። ግን ማሰብ የተወ ፍቅር ስንቱን ቀብሯል።

አልሻለው ሲል ደገሙት። ያኔ ቴይን ደረጃው ላይ ተቀመጠና መነሳት አቃተው። እትዬ ሊያዎ ጭልፋዋን እንደያዘች ወጣች። የእነዚህ ጢም ያላበቀሉ ልጆች ማዕረግ «ሽማግሌ» ነው፤ እሷ ግን በዚህ ስም አንድም ቀን ሳትስቅ ጠርታቸው አታውቅም።

«ሽማግሌው፣ ቀና በል እስቲ። ይሄ ዓይን ነው የእንቁላል አስኳል?»

«ደክሞኝ ነው፣ እትዬ።»

«ዛሬ ምን በላህ?»

«እየጾምን ነው» አለ ሩሎን።

«አንተን ማን ጠየቀህ? ከንፈርህ ተሰነጣጥቋል።»

ገብታ ከወንዝ ዛጎል ሥጋ የተሠራ፣ ዝንጅብል የበዛበት ሾርባ ይዛ ተመለሰች። እዚያ አገር ለጉበት የሚሰጡት ይህንን ነው።

«ጠጣ።»

«እስከ ማታ አይሆንልኝም።»

«አምላክህ ሬሳ ነው የሚፈልገው? ከሆነ ተነስና ሌላ ደረጃ ላይ ሙትለት። እኔ እዚህ ገበያ አለኝ።»

ቴይን ሳቀ። ከሳቀ ሰንብቶ ነበር። ሳህኑን ተቀበለና ጠጣ። ሩሎን አንዴ ወደ ላይ፣ አንዴ ወደ ሳህኑ ተመለከተና «ለኔም ይኖራል?» አለ።

ሐኪም ቤት የወሰደቻቸው እሷው ናት። ወሬው ደርሶት ኃላፊያቸው በባቡር መጣ። ወራት መተኛት ያስፈልግሃል፣ ወደ ቤትህ ትሄዳለህ አለው።

«እዚሁ ልተኛ፣ ጌታዬ።»

«ሩሎንስ? አልጋህ ሥር ተቀምጦ ይሻግት? ልጄ፣ ታመምክ እንጂ አላጠፋህም።»

«ይህን ለሰፈራችን ሰው ቢነግሩልኝ።»

«አንተው ንገራቸው።»

አገሩ ገብቶ ተኝቶ ዳነ። የተመለሰ ሰባኪ በጉባኤ ፊት መናገሩ ደንብ ነው፤ የጉባኤው መሪ፣ በሥራ ቀን መኖ የሚሸጠው ሰውዬ፣ ቤቱ ድረስ መጣ።

«ንግግሩ ለጊዜው ይቆይ፣ ቴይን። ሰው ይጠያየቃል።»

«ይጠይቁኝ እንጂ። እስካሁን የጠየቀኝ የለም።»

እሑድ ሳይጠራ ተነስቶ ቆመ።

«ማንንም አላጠመቅኩም» አለ። «ታመምኩ። እናንተን ፈርቼ ደበቅኩ፤ ልሞት ትንሽ ቀርቶኝ ነበር። እናንተ የማታውቁትን አምላክ የምታመልክ ሴት አበላችኝና ተረፍኩ። ያመጣሁላችሁ ምስክርነት ይሄው ነው።»

 ጆሯቸው የከበደ አንዲት አሮጊት ከኋላ፣ የሚንሾካሾኩ መስሏቸው ጮክ ብለው፣ «ልጁ አጥንት ብቻ ቀርቷል። ምሳ የጠራው ማነው?» አሉ። የጠራው አልነበረም። ያን ቀን እሳቸው ቤት ሁለቴ በላ፤ የልጅ ልጃቸውም ውሃ ስትቀዳለት ዋለች፤ በኋላ አገባት።

ዕድሜውን ሙሉ ዶሮውን አረባ፤ አልከበረም፣ አልተቸገረም። ሳይጨርስ የተመለሰ ልጅ በተሰማ ቁጥር ግን ሐሜቱ ሸለቆውን ሳይሻገር ላባ የተለጣጠፈባት መኪናው እልጁ ደጃፍ ቆማ ትገኛለች።

«ምን ትላቸዋለህ?» አለችው ሚስቱ አንድ ቀን።

«ምን ሆንክ? እላለሁ። ከዚያ ቁጭ ብዬ እሰማለሁ።»

«ይሄው ነው?»

«ሌላ ማን ይላቸዋል?»