ባለቤቱ በር ላይ የቀረ መዝሙር

ቅዳሜ፣ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል፣ ጎንደር መናኸሪያ

ገና ሳንነሳ ተናድጃለሁ። ሾፌሩ አያ እንድሪስ ኪቦርዴን ጣራ ላይ ከነጭ ሽንኩርት ጆንያ ጋር ሊያስሩት ነበር፤ ተጨቃጭቀን ጭኔ ላይ አስቀመጥሁት።

እውነተኛው ንዴቴ ግን ሌላ ነው። አጠገቤ የተቀመጠው ጓደኛዬ ታምራት ነው። ነገ አዲ አርቃይ ላይ እህቱ ሰብለ ታገባለች፤ እንዲዘምርላት ለምናዋለች። ቀድመውን የሄዱት የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያናችን መዘምራን ግን «ካቶሊክ ከሆነ ወዲህ ማይክ አይነካም» ብለዋል። ሙሽራዋን የሚያስገቧት ደግሞ እሱ በደረሰው መዝሙር ነው! መዝሙሩ ይገባል፣ ደራሲው ውጭ ይቀራል። እንዲህ ያለ ፍርድ የሚፈርድ ማን ነው? እኛው ነን።

3 ሰዓት፣ ዳባት

ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ሦስት ቅቅል ድንች ከሚጥሚጣ ጋር በሃምሳ ሳንቲም።

«ለመሆኑ ምን አጥተህ ነው የሄድህ?» አልሁት።

«ዝም የሚባልበት ቤት አማረኝ። እኛ ጋ እኮ እግዜር ራሱ የመናገር ተራ አይደርሰውም ነበር» ብሎ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።

ከቦርሳው የመዘምራኑን አዲስ ካሴት አወጣ። ሽፋኑ ላይ ከየመዝሙሩ አጠገብ የደራሲው ስም አለ። ከእሱ መዝሙር አጠገብ ግን «መንፈስ ቅዱስ የሰጠን» ይላል።

«ስሜን ማን ፋቀው?»

«ኮሚቴው።»

የኮሚቴው ጸሐፊ እኔ ነኝ። እሱም ያውቃል። አንዱን ድንች ልጦ ሰጠኝና «ብላ፣ ይቀዘቅዛል» አለኝ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

6 ሰዓት ተኩል፣ ሊማሊሞ

ቁልቁለቱ አያልቅም። በግራ ግድግዳ፣ በቀኝ ገደል፤ አቧራው በመስኮቱ ስንጥቅ ይገባል። አያ እንድሪስ ወሬያችንን ሲያዳምጡ ኖረዋል።

«ምነው ልጆቼ» አሉ መሪያቸውን እንደጨበጡ፣ «አባቱ በሕይወት ያለን ልጅ የሙት ልጅ ይሉታል?»



እሑድ፣ 7 ሰዓት፣ አዲ አርቃይ

ሙቀቱ ሌላ አገር ነው። ታምራትን ከዳሱ በር ውጭ፣ ከውሃ በርሜሎቹ አጠገብ አግዳሚ ላይ አስቀመጡት። በገዛ እህቱ ሰርግ!

የመዘምራኑ መሪ ማይኩን ይዞ ተነሳ። «ይህ መዝሙር ሰው የደረሰው አይደለም፤ ከላይ የተሰጠን ነው!» አለ። ሕዝቡ አሜን አለ። እኔም እንደ ታዛዥ በቅሎ የመዝሙሩን መግቢያ በኪቦርዴ መምታት ጀመርሁ።

ሰብለ በሩ ላይ ቆመች። የዚህ አገር ሙሽራ አንገቷን ደፍታ ትገባለች እንጂ አትናገርም። እሷ ግን ዓይነርግቧን ገለጠች።

«ደራሲው ወንድሜ ነው። ያለ እሱ አልገባም።» ይህን ብላ በነጭ ቀሚሷ አቧራማው አግዳሚ ላይ ከጎኑ ቁጭ አለች።

እጄ ቆመ። መሪው «ምነው ዝም አልህ? ምታ እንጂ!» ብሎ አፈጠጠብኝ።

«አልመታም!» አልሁ፤ ድምፄ እስከ በርሜሎቹ ተሰማ። «መዝሙሩን የደረሰው ታምራት ነው። ስሙን የፋቅሁትም እኔ ነኝ!»

ኪቦርዱን ዘግቼ ወጣሁና በሩ ላይ ቆምሁ። ታምራት ካለበት ሳይነሳ፣ በባዶ ድምፁ መዝሙሩን ጀመረ። ሁለተኛው ስንኝ ላይ ሰብለ ተቀበለችው። ከዳሱ ሰው እየተነሳ ወደ በሩ መጣ። መሪያችን ማይኩን እንደያዘ ቆሞ ቀረ።

እንደተባለውም ታምራት ማይክ አልነካም።