የዝገት ማጠቢያው ጠርሙስ

ሴይጂ ከፋብሪካ ጡረታ ከወጣ ወዲህ አሮጌ ብስክሌት ያልገባበት የቤቱ ጥግ የለም። ሰው የጣለው ሁሉ ለእሱ ሀብት ነው፤ የዛገ ደወል፣ የተጣመመ መሪ፣ ቀለሙ የተላጠ ፓራፋንጎ። ሚስቱ ሃሩዮ ሁሉንም ችላለች። ያስጠነቀቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ "ያን ዝገት ማጠቢያ አሲድህን ወጥ ቤቴ ውስጥ እንዳላይ! ካየሁ አንተም ብስክሌትህም ውጭ ታድራላችሁ።"

እሺ ብሎ ነበር። ያን ቀን ግን የግቢው ፀሐይ አናት ይበሳል፣ እሷም ጎረቤት ሄዳለች። የፍሬን ዘንጎቹን በአሲድ ዱቄት ውሃ ዘፍዝፎ ወጥ ቤት ውስጥ ተቀመጠ። ሲያድሰው ከከረመው ጥቁር ብስክሌት ሳይገጠም የቀረው ይኸው ፍሬን ብቻ ነው፤ የወርቅ ቀለም መስመሮቹን ትንፋሹን ውጦ በእጁ አስምሮ ጨርሷል። ዘንጎቹ ሲወጡ ሊስማቸው ምንም አልቀረው። ውሃው ሻይ መስሏል። "ለነገም ይሠራል" ብሎ፣ ስስት ነዋ፣ ባዶ የገብስ ሻይ ጠርሙስ ውስጥ ገለበጠው።

ከአሲድ የወጣ ብረት ቶሎ ደርቆ ዘይት ካልተቀባ ዓይን እያየው መልሶ ይዝጋል። ስለዚህ ጠርሙሱን ጠረጴዛው ላይ ትቶ ዘንጎቹን ይዞ ወደ ግቢ ሮጠ። ጠረጴዛው ላይ ደግሞ ሃሩዮ ያቀዘቀዘችው የገብስ ሻይ በተመሳሳይ ጠርሙሶች ተደርድሯል። በሰፈሩ ቤተ መቅደስ ግቢ የበዓሉን ሠረገላ መጎተት ለሚለማመዱት ጎረምሶች ሻይ የምታቀርበው በሙሽርነቷ ከመጣችበት ዓመት ጀምሮ ነው።

ሲመለስ ጠረጴዛው ባዶ ነበር።

"ሃሩዮ!" ቤቱ ጭር ብሏል። ቢደውል ስልኳ እዚያው መደርደሪያው ላይ ጮኸ። ጠርሙሱን ከሻዩ ጋር ይዛው ሄዳለች። ቤተ መቅደሱ ቁልቁለቱ ግርጌ ነው፤ በእሱ ጉልበት ተሮጦ አይደረስም። ጎማው የተነፋ ብስክሌት ደግሞ ያ ፍሬን አልባው ብቻ ነበር።

ዘሎ ወጣበት። መንገዱ ከሥሩ ሸሸ። አንዲት ሴትዮ "እብድ!" ብላ ግድግዳ ላይ ተለጠፈች። የጫማውን ሶል ጎማው ላይ ቢጭነው ጎማው ጎተተው እንጂ አልቆመም። ቤተ መቅደሱ በር ላይ ሲደርስ የድንጋዩን አጥር ጥግ ተጋጨና ወደቀ። ወርቃማዎቹ መስመሮች ተፋቁ፣ የፊት ጎማውን የያዘው ሹካ ተጣመመ። ዞር ብሎም አላየው።

"አትጠጡ! እንዳትጠጡ!"

ጎረምሶቹ ሳቁ። "ሴይጂ፣ ሻይም ሰሰትክብን?" አለ አንዱ ብርጭቆውን ወደ አፉ እያስጠጋ። ሴይጂ በጥፊ አስጣለው። ሳቁ ተቋረጠ።

የሰፈሩ ሽማግሌ ኒሺዋኪ ፊታቸውን አጨማደዱ። "ሃሩዮ ልጄ፣ ዛሬ ሻይሽ ሎሚ አለው እንዴ?"

"አባባ፣ ዋጡት?" አለ ሴይጂ።

"አንድ ጊዜ ተጎነጨሁ። ምነው?"

"መርዝ ነው። የዝገት ማጠቢያዬ ነው። እኔ ነኝ ጠርሙስ ውስጥ የጨመርኩት።"

ሃሩዮ የጠርሙሶቹን ቅርጫት እንደያዘች ደርቃ ቀረች። የቀሩት ጠርሙሶች አንድ መልክ ነበሩ፤ የቱ ሻይ የቱ መርዝ እንደሆነ እሱ ራሱ መለየት አቃተው። ሁሉንም መሬት ላይ ደፉት። አምቡላንሱ እስኪመጣ ሴይጂ የሽማግሌውን እጅ ይዞ ተንበርክኮ ቆየ፤ እንደዚያ ፈርቶ አያውቅም።

ኒሺዋኪ ተረፉ። ሴይጂ ይቅርታ ሊጠይቅ የጣፋጭ ካርቶን ይዞ ቤታቸው ሄዶ ግንባሩ ምንጣፍ እስኪነካ ሲሰግድ፣ "ተነሥ ባክህ፣ ሆዴ ዝጎ ከነበረም አጥበህልኛል" ብለው አሳቁት። ጎረምሶቹም "የፍሬኑ ጌታ" እያሉ ያሾፉበት ጀመር። የሰፈሩ ሰው ይቅር አለው። ቀላል ሆነለት፣ እሱ እንኳ እስኪያፍር።

በሚቀጥለው ልምምድ ሃሩዮ አዲስ ሻይ አፍልታ፣ አቀዝቅዛ፣ እንደ ወትሮዋ ሄደች። ሴይጂ በር ላይ ሆኖ ጠበቃት። ዳገቱን ቀስ ብላ ስትወጣ ቅርጫቱ ከብዷት ነበር።

"ምን አሉሽ?"

"ምንም። ሁሉም አመሰገኑኝ። አሁን ጠጣን፣ አልጠማንም አሉ።" ጠርሙሶቹን አንድ በአንድ ጠረጴዛው ላይ አወጣች። "ከዚያ ሄደው ከመጠጥ መሸጫው ማሽን የቆርቆሮ ሻይ ገዙ።"

ሴይጂ አንዱን ከፍቶ ብርጭቆ ሞልቶ ጠጣ። ሁለተኛውን ቀዳ፣ ሦስተኛውን ቀዳ፤ ሆዱ እስኪወጠር ጠጣ።

"ተው" አለችው ሃሩዮ ጀርባዋን እንደሰጠችው። "አንተ መጠጣትህ ለእኔ ምን ያደርግልኛል?"