ጠበል የጠጣው ማሰሮ

እናቴ ማሰሮዬን ፍሪጅ ላይ ስታየው መጀመሪያ ያለችው «ይሄ ነገር ያየኛል» ነው። እውነቷን ነው፣ ያያል። ዓይኑ ክብ፣ አፍንጫው ደፍጣጣ፣ ክራንቻው ከከንፈሩ የወጣ። ፊቱን ከፎቶ ነው የቀዳሁት። ፔሩ አገር፣ ተራራ ላይ አንድ የጥንት ቤተ መቅደስ አለ፤ ግድግዳው ላይ እንዲህ ያሉ የድንጋይ ጭንቅላቶች ተሰክተውበት ነበር፣ ግማሽ ሰው ግማሽ ነብር። ገና ሳያቸው ወደድኳቸው።

ፎቶውን ያሳየችኝ ኤርፖርት አብራኝ ዊልቸር የምትገፋ ሴት ናት። አገሯ ፔሩ ነው። ሐሙስ ሐሙስ ሰፈራችን ሴዳር ሪቨርሳይድ፣ ከምንኖርበት ፎቅ ጀርባ ባለው አዳራሽ ሸክላ ታስተምረናለች። አንድ ቀን ሙዚየም ወሰደችን። መስታወት ውስጥ ከታች በቱቦ የተያያዙ ሁለት ትንንሽ ማሰሮዎች ነበሩ፤ አንዱ አንገት አለው፣ ሌላው ላይ የሸክላ ወፍ ተቀምጣለች።

«ውሃ አድርገሽ ዘንበል ስታደርጊው ያፏጫል» አለችኝ። ውሃው ወደ ሌላው ማሰሮ ሲያልፍ አየሩን ይገፋዋል፣ አየሩ ወፏ ውስጥ በተደበቀች ፊሽካ ይወጣል።

«ለምን ያስፏጩታል?»

«ለአምልኮ ይባላል። ከሙታን ጋርም ይቀብሩት ነበር። ከዚያ በላይ ከፈለግሽ የሠሩትን ጠይቂያቸው።»

መስታወቱ አናደደኝ። የሚያፏጭ ነገር አፉን ዘግቶ ማስቀመጥ ምን የሚሉት ነው? እኔ እሠራዋለሁ አልኩ።

ቤት ገብቼ ስነግራት እናቴ ሳቀች። ዉድበሪ የሚባል ከተማ አንድ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ትሠራለች፤ በሷ ሐሳብ ለእኔ የተፈጠረ አንድ ሥራ ብቻ ነው፣ ነርስነት። እኔ ደግሞ ሃይስኩል ከጨረስኩ ወዲህ ሹሩባ ሥራ ጀምሬ ትቻለሁ፣ ኬክ ጀምሬ ትቻለሁ፣ ነርሲንጉንም ሬጅስተር አድርጌ ክላስ ሳይገባ ትቻለሁ።

«አንቺ ጀምረሽ የጨረስሽው ነገር ቢኖር ምሳሽን ነው» አለችኝ።

«ይሄን እጨርሰዋለሁ።»

«እሺ። የዛሬ ሁለት ወር ቅዳሜ፣ የሸክላ ክፍላችሁ ኤግዚቢሽን ላይ ካፏጨ፣ እስከ ገና ነርሲንግ የሚል ቃል ከአፌ አይወጣም። ካላፏጨ ሰኞ ሬጅስተር ታደርጊያለሽ። መተው የለም።»

«ተስማማን።»

የመጀመሪያው ሲቃጠል ተሰነጠቀ። ሁለተኛውን ራሴ ጣልኩት። ሦስተኛው ባለ ክራንቻው፣ ፊሽካዋን በወፍ ፋንታ ፊቱ ውስጥ የደበቅኩበት፣ ግን ከምድጃው በሰላም ወጣ። ኤግዚቢሽኑ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ረቡዕ፣ ቤት አምጥቼ ከቧንቧ እስከ አፉ ሞላሁትና ዘንበል አደረግኩት። በአፍንጫው ውሃ ተፋብኝ። እንደገና ሞላሁት፣ እንደገና ተፋ። ፊሽካዋ እኮ ከመገጠሟ በፊት ስነፋት ጆሮ ትበሳ ነበር! ለአስተማሪዬ አልደወልኩም። አልሆነልኝም ከምል ብሞት ይሻለኛል። ደፋሁትና ፍሪጅ ላይ ሰቀልኩት።

አርብ ከሰዓት ክፍሌ ውስጥ ተጋድሜ የነርሲንጉን ዌብሳይት ስከፍት፣ ከኩሽና «በስመ አብ ወወልድ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ስወጣ እናቴ ማሰሮዬን እንደ ክርስትና ልጅ ታቅፋለች። በሌላ እጇ አክስቴ ከአገር ቤት ጠበል ያመጣችበት የፕላስቲክ ጠርሙስ።

«እማዬ፣ ምን እያደረግሽ ነው?»

«ቤቴ ከገባ ይጠመቃል።»

«ታዲያ ከላይ ርጪዋ!»

«ሰይጣን ከውጭ ነው እንዴ የሚቀመጠው?»

በአንገቱ ታንቆረቁርለት ጀመር። ግማሽ ሲደርስ ጠርሙሱን አየችና አሳዘናት መሰለኝ፣ ከደነችው። ከዚያ ብርጭቆ እንደምታለቀልቅ ማሰሮውን ወዘወዘችው።

ፊይይይይ!

ጠርሙሱ ከእጇ ወደቀ። ማሰሮውን ግን አለቀቀችም።

«ወጣ!» አለች።

«እማዬ፣ አፏጨ እኮ!»

«አላፏጨም። ሲወጣ ይጮሃል።»

ቀማኋትና ዘንበል አደረግኩት። ፊይይይ። «ይሄስ?»

«አንድ ብቻ መስሎሻል? ብዙ ናቸው።»

ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ ሳቅኩ። እስከ አፉ ስሞላው አየር የት ይሁን? አስተማሪዬ ግማሽ ብላኝ ይሆናል፤ እኔ ደግሞ ሰው ሲያስረዳኝ እስከ መጨረሻው አልሰማም። እናቴ ለጠበሏ ሳስታ ነው ያስፏጨችልኝ።

ቅዳሜ አዳራሹ ውስጥ ማሰሮዬን ይዤ ወደ ቧንቧው ስሄድ እናቴ ክንዴን ያዘችኝ።

«የቧንቧ ውሃ? ተመልሰው እንዲገቡ ነው?»

ጠርሙሱን ከቦርሳዋ አውጥታ ራሷ ቀዳች፣ ግማሽ ብቻ። ዘንበል አደረግኩት፤ አፏጨ፣ ያውም ከትናንቱ አብልጦ። አስተማሪዬ በቋንቋዋ ጮኸችና ከእኔ በፊት እናቴን አቀፈቻት። እናቴ ከአጠገቧ ለቆመችው ጎረቤታችን «ጀምራ ጨረሰችው እኮ!» ስትል ሰማኋት። አልሰማሁም ብዬ ዞርኩ።

ጠበል ሲንክ ውስጥ አይደፋም። እናቴ ውጭ ወጥታ ዛፍ ሥር አፈሰሰችው። አስተማሪዬ ከበሩ እያየቻት «እኛም አገር ሰው ከመጠጣቱ በፊት ለመሬት እናት ይፈስላታል፤ መሬቷ ቀድማ ትጠጣለች» አለችኝ። ለእናቴ አልተረጎምኩላትም፤ ባዕድ አምልኮ ነው ብላ ጠርሙሱን ትደብቅ ነበር።

ወደ ቤት ስንሄድ ማሰሮውን ራሷ ያዘችው፣ ፊቱን ወደ ውጭ አዙራ።

«እንግዲህ እስከ ገና ዝም ነው» አልኳት። «የኛ ገና ማለት ነው፣ አይደል?»

«የፈረንጆቹ» አለች።