የሰዓት ተኩል መንገድ

መቼ እንደነበር በትክክል አላስታውሰውም፤ በድርቁ ዘመን፣ ከወሎ ለሰፈራ ሲያመጡን እንደሆነ ብቻ አውቃለሁ። ዛሬ የልጅ ልጄን ልሸኝ መጥቼ አሶሳ አውሮፕላን ማረፊያ አጥሩ ሥር ስቆም የነዳጁ ሽታ ያንን ቀን አመጣብኝ።

ከኮምቦልቻ የተነሳንበት የጭነት አውሮፕላን ወንበር አልነበረውም። ወለሉ ላይ ተጠጋግተን ተቀምጠናል፤ ብረቱ ከሥራችን ይንቀጠቀጣል፣ ጆሮዬ ሊፈነዳ ደርሷል። እኔን የጨነቀኝ ግን ሌላ ነው። እናቴን ወደቀበርኩበት አገር መመለሻው በየት በኩል እንደሆነ ሳላይ ነው የወሰዱኝ። ይህንኑ ለጎረቤታችን ለሽማግሌው ለአያ ይመር ስነግራቸው፣ ዱላቸውን ተመርኩዘው ብድግ አሉና ወታደሩን ጠሩት።

«አንተ ልጅ፣ እስቲ በሩን ገርበብ አድርግልን፣ መንገዱን አይተን እንያዘው።»

«አባባ፣ ሰማይ ላይ በር አይከፈትም!» ብሎ ሳቀ። «ሰዓት ተኩል ነው፣ አርፈው ይቀመጡ።»

«ሰዓት ተኩል? እሱማ ከገበያችንም ይቀርባል!» አሉ፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ስማ፣ በእግራችን እንመለሳለን። ማን ሊከለክለን!»

አምነውበት ይሁን ለእኔ ብለው፣ እስከ ዛሬ አላውቅም። የተቀበሩት እዚሁ ነው።

ይህን ያወራሁላት የልጅ ልጄ ሻንጣዋን አንስታ፣ «አባባ፣ ወሎን ግን አሁንም አልተውካትም?» አለችኝ።

«ምን ብዬ እተዋታለሁ? ሰዓት ተኩል ነው፤ በእግሬም ቢሆን እሄዳለሁ።»

እሷ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። ያኔ ያንን ሰማይ ያሻገረኝ አብራሪው አይደለም፤ አያ ይመር ናቸው።