በማሳዬ ወደ ነብሩ ገደል

ወንድሜ ከመርሳ በቪዲዮ የደወለልኝ ከዐስር ሶላት በኋላ ነበር። ጅዳ፣ በምሠራበት ቤት ልብስ እየተኮስኩ ነበር፤ ካውያውን ነቅዬ፣ መነቀሉን ደግሜ አይቼ ስልኩን አነሳሁ።

"እታለም፣ አንድ ነገር ላሳይሽ" አለና ስልኩን ወደ ላይ አዞረው።

ከቤታችን በላይ ያለውን ገደል ወዲያው አላወቅሁትም። ግማሹ የለም። ቁጥቋጦው ተገፎ የተፈለጠ ድንጋይ ብቻ ቀርቷል፤ ከሥሩ ኤክስካቫተር ይቆፍራል፣ ገልባጭ መኪኖች ተሰልፈዋል።

በዚያ ገደል ዋሻ ነብር ነበረን። "ነብራችን" የሚሉት አባቴ ናቸው። ልጅ ሳለሁ የምትታለብ ፍየላችንን በላብን። ጎረቤቶች በተረፈው ሥጋ ላይ መርዝ እናድርግ ቢሉ አባቴ እንቢ አሉ። "እሱን ገድላችሁ ማሽላውን ከዝንጀሮ ማን ሊጠብቅ ነው? እናንተ እንደሆን ከቀትር በኋላ ጫት ላይ ናችሁ።" ሳቁ፤ መርዙም ቀረ። እውነትም ዝንጀሮ ያንን ገደል ይፈራ ነበር። ሌላው ሰፈር ማሽላ በደረሰ ቁጥር ጅራፍ ሲያጮህ ይውላል፤ ከገደሉ ሥር ያለው የእኛ ማሳ ግን ያለ ጠባቂ ይታጨድ ነበር።

ያ ማሳ ከእናቴ ለእኔ ደርሶኛል።

"ማን ፈቀደ?" አልኩት።

"አንቺው ነሻ።"

የሚቀልድ መሰለኝ። "እኔ የት አውቄ?"

"ውክልናሽ አለ አይደል? ለድንጋይ ካባው መንገድ ሠሪዎቹ ፈቃድ አላቸው። መኪና የሚገባበት ግን ከአንቺ ማሳ ሌላ የለም። ፈረምኩልሽ። ለመንገድ ጠጠር ነው እኮ። ደስ የሚልሽ መስሎኝ።"

የተኮስኩት ልብስ ላይ ተቀመጥኩ። ቆንስላ ሄጄ ውክልናውን ስሰጥ ጸሐፊው "ለየትኛው ጉዳይ ልበል?" ብሎ ጠይቆኝ ነበር። ወንድሜ በየጊዜው ወረቀት ፍለጋ እንዳይንገላታ ብዬ "ለሁሉም ይበሉት" ያልኩት እኔ ነኝ። ሦስቴ አንብቤ ነው የፈረምኩት።

"ነብሩስ?"

"ይሄዳላ፣ ሌላ ቦታ።"

"የት?"

ከውርጌሳ እስከ ወልድያ ያለውን አቀበት በሐሳቤ ሄድኩበት፤ ያልታረሰ፣ ያልተቆፈረ ገደል አጣሁለት። መግሪብን ስሰግድ ስንተኛው ረከዓ ላይ እንዳለሁ ጠፋኝ። እንደገና ጀመርኩ፤ እንደገና ጠፋኝ።

በመጀመሪያው የዕረፍት ቀኔ ቆንስላ ሄጄ ውክልናውን ሻርኩ። ወንድሜ አኮረፈ። "በሰው ፊት አዋረድሽኝ" አለኝ፤ ቢሆንም የመሻሪያውን ወረቀት ወልድያ ድረስ ወስዶ ያስገባው እሱ ነው። ማሳዬም ላይ እንጨት አጋድሞ መንገዱን ዘጋ።

ከዚያ ለአባቴ ደወልኩ።

"አባ፣ መኪኖቹ ቆሙ?"

"ቆመዋል ልጄ፣ አልሃምዱሊላህ። ድንጋይ የሚያፈነዱበት ድማሚትም ጸጥ ብሏል።"

"እሰይ። አሁን የት ነዎት?"

"ማሳሽ ላይ ነኝ። ከጠዋት ጀምሮ እዚሁ ነኝ።"

ምን ሊሠሩ እንደሆነ ልጠይቃቸው ስል፣ ከስልኩ ውስጥ ጅራፍ ሲጮህ ሰማሁ።

"ቆይ ልጄ" አሉኝ እያለከለኩ፤ "በዚህ ወገን ደግሞ ዝንጀሮዎቹ ገቡብኝ።"